የፀጉር ያህል

ረቡዕ ነው፣ ኪርያት ጋት፣ ከገበያው ጥግ ላይ፣
ከጆርጂያዊው ሾታ ድንኳን ሥር ቆሜ ሳይ፣
አንድ ሰንጢ አየሁ፣ እጀታው የወይራ፣
ከነዘይት ሽታው፣ ገና ያልተገራ።
"ያሮጌው ዓይነት ነው" አለኝ ሾታ ኮርቶ፣
"ቁልፍ የለው፣ ምን የለው፤ ይቆማል ተዘርግቶ
ባንዲት ሞላ ጉልበት።" መቶ ሃያ ብሎኝ
በሰማንያ ሸቀል፣ እያጉረመረመ፣ ሸጠልኝ።
ለአባቴ ነው፤ ለቢያድግልኝ፣
ማረሻ ቀጥቅጦ ላሳደገኝ።

እኔም በሙያዬ ዳኛ ነኝ።
ከፋብሪካው ውስጥ፣ ከነጭ መብራት በታች፣
ስንት ሺህ የብረት ቁራጭ ባይኔ ሥር አለፈች!
ማይክሮሜትሬ "ይለፍ" ካለ ያልፋል፣
"ይውደቅ" ካለ ይወድቃል፤ ከቁጥር ማን ይተርፋል?
ሰንጢውንም ቀድሜ ለክቼዋለሁ ቤት፣
ስለቱን፣ ጎኑን፣ የችንካሩን ስፋት።
እንከን አላገኘሁም።

ሐሙስ ሄድኩ። አባባ መነጽር እንኳ አላወጣ፤
ሰንጢውን ተቀብሎኝ ወደ በረንዳው ወጣ።
መጀመሪያ በጥፍሩ ችንካሩን ዳሰሰ፣
ናሱ የት ጀመረ፣ ወይራው የት ጨረሰ፤
ጥፍሩ ድንበር ሲያጣ "ይሁን" አለ፣ "ደግ ነው።"
ቀጥሎ ጆሮውን አስጠግቶ ከፈተው፤
"ቀጭ" አለ ከመሃል፣ "ቀጭ" አለ ተዘርግቶ።
"ሞላው አልሰነፈም" አለ አንገቱን ነቅንቆ፣
"ሲሉት ይታዘዛል፣ ሳይሉት አይለፈልፍም።"
ስለቱን በሁለት ጣት ይዞ ወዘወዘው፣
እንደ ልጅ ጥርስ፣ ይነቃነቅ እንደሁ ሊያውቀው።
ከጫፉ አየው ባንድ ዓይን፣ ሌላውን ጨፍኖ፣
ከቤቱ መሃል ተኝቷል? ወይስ ላንዱ ወግኖ?

ከዚያ ወደ ጸሐይ አነሳው።
ዝም አለ።
በጣቱ ጠራኝ።

"እዪ" አለኝ፣ "ከዚህ ጋ፣ ናሱና ሞላው
ሲገጥሙ ብርሃን ገብቷል፤ ማን ይሆን ያስገባው?"
አየሁ፤ ምንም የለም። ደግሜ ሳጣራ፣
የፀጉር ያህል ጸሐይ፣ እዚያ ተሰንቅራ።
"ልመልሰው" አልኩት፣ "ሾታ ይለውጣል።"
እሱ ግን ሌላ ሰው ጋር ነው፤ ከሩቅ ያወራል፤
"ይህን የሞረደው ዓርብ ቀን ነው የሠራው፤
ጸሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሰንበቱ ሲጠራው።
ሌላውን ተመልከቺ፣ በትዕግሥት የለሰለሰ፤
እዚህ ጋ ሲደርስ ነው እጁ የተመለሰ።
ሁለት ሞረድ ቀረው። ሁለት ብቻ።"

"በለሳ ሳለን" አለ፣ "ማጭድ የሚገዛ
ብሩን ድንጋይ ላይ ያኖራል፣ እጄን አይነካም። የዋዛ
እንዳይመስልሽ ደግሞ፤ ማጭዱን በጥፍሩ
ይዳስሳል፣ ያያል፣ ከጫፉ እስከ ሥሩ።
ከማጭዴ ላይ እንከን ፈልገው ሲያጡ፣
እኔን ግን ሳያዩ እንከን አወጡ።
ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይሉኝ ነበር።"
ሳቀ።
"ሲመሽማ ደክሞኝ እተኛ ነበር።"

ከብስኩት ቆርቆሮው አሮጌ ሞረዱን፣
ጥርሱ ያለቀውን፣ አወጣና፣ እጁን
ወደ ሰንጢው ላከ። ጠበቅኩ።
መለሰው።
"ይቅር፤ የሰው እጅ ነው። ሞረዴ ከነካው
ጥፋቱ የኔ ነው።" ቀጥሎም "ስንት ነው ዋጋው?"
"ሰማንያ።"
"ሰማንያ! በላሽ ይሄ ሾታ።"

እሑድ፣ ከነጩ መብራት ሥር፣ አንድ ቁራጭ ወደቀብኝ፤
ከፀጉርም ያነሰ ነው፣ ማይክሮሜትሩ ነገረኝ።
ከቀዩ ሣጥን ልጥለው ስል እጄ ዘገየብኝ፣
ባንድ ዓይኔ ወደ መብራቱ…
ማን ጠርቶት ይሆን? ማሽን ሰንበት የለው፣
አይቸኩል፣ አይመሽበት፤ ምን ብዬ ልማረው?
ጣልኩት።

ማታ ስደውል ስልኩን ቶሎ አላነሣም።
"ብርቱካን ስልጥ ነው" አለኝ፣ "ልጣጩ ሳይበጠስ
አንድ ዙር ቀርቶኛል። ቆይ፣ እሱን ልጨርስ።"